«ኢንግሬሺዬቲንግ» ብላ ጻፈችብኝ፤ ሙገሳ ነው ወይስ ስድብ?

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቨርጂኒያ መኖር ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አንድ ሆቴል ውስጥ ፍሮንት ዴስክ ነው የምሠራው። ባለፈው ወር የዓመቱን ኢቫሉዌሽን ሰጡኝ። ነጥቡ ጥሩ ነው፣ ከአምስት አራት። ከታች ግን ሱፐርቫይዘሬ በእጅ ጽሑፏ ሦስት ቃል ጨምራለች፦ ሀርድወርኪንግ፣ ፖላይት፣ ኢንግሬሺዬቲንግ። ሁለቱን አውቃቸዋለሁ። ሦስተኛውን አብራኝ የምትኖረውን ልጅ ብጠይቃት ‹ምስጋና ቢስ ማለት ነው› አለችኝ። ሳለቅስ አደርኩ። በማግስቱ ስልኬ ላይ መዝገበ ቃላት ከፍቼ ባይ፣ አንደኛው ትርጉም ‹ደስ የምትል፣ የምትማርክ› ይላል፤ ሁለተኛው ‹ለመወደድ ብላ የምትለማመጥ›። እኔ የትኛዋ ነኝ?

እውነቱን ልንገርዎት፣ አርብ አርብ ድፎ ጋግሬ እወስድላታለሁ። ስትመጣ ብድግ እላለሁ። ሺፍት ቀይሪ ስትለኝ እምቢ ብዬ አላውቅም። በቀደም ፕሮግራም ስታወጣ ተሳስታ የማታና የጠዋት ሺፍት አከታትላ መደበችኝ፤ ተሳስተሻል ከምላት ብዬ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ወጥቼ ጠዋት አንድ ሰዓት ተመለስኩ። እናቴ ያሳደገችኝ እንዲህ ነው። ይህ ማሽቃበጥ ነው? ቃሉስ ከየት የመጣ ነው?

ግራ የገባት፣ ከቨርጂኒያ»

እህቴ፣ አስቀድመን የቤት ጓደኛሽን ነገር እንዝጋ። ሱፐርቫይዘርሽ ምስጋና ቢስ አላለችሽም። ልጅቷን ያሳሳታት «ኢንግሬት» የሚባል ሌላ ቃል ነው፤ እሱ በእርግጥም ውለታ ቢስ ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት ሥራቸው አንድ ነው፣ መልካቸውም ይመሳሰላል። የሚለያዩት ከፊት በተቀጠለችው «ኢን» ነው። ላቲን ሁለት ዓይነት «ኢን» አላት። አንደኛዋ እኛ «ቢስ» ወይም «የለሽ» እንደምንለው አፍራሽ ናት። ሁለተኛዋ «ወደ ውስጥ» የምትል አስገቢ ናት። ኢንግሬት ላይ ያለችው አፍራሿ ስትሆን፣ ያንቺዋ ላይ ያለችው አስገቢዋ ናት። ያን ሌሊት ያለቀስሽው እንግዲህ ላንቺ ላልተላከችው «ኢን» ነበር።

የቀረው ጥያቄሽ ግን እንዲህ በቀላሉ አይዘጋም። እኔን ራሴን ጉድ የሠራኝ ቃል ነውና።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የውጭ አገር ድርጅት ተርጓሚ ይፈልጋል ሲሉ ሰማሁና ማመልከቻ ልጽፍ ተቀመጥኩ። የአክስቴ ልጅ ያዋሰኝ፣ ጀርባው በፕላስተር የተያያዘ መዝገበ ቃላት ነበረኝ። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው አማርኛ «በእርስዎ ፊት ሞገስ አገኝ ዘንድ እመኛለሁ» የሚል ነው፤ በአገራችን ደንብ ያማረ የደብዳቤ መዝጊያ። መዝገበ ቃላቱን ሳገላብጥ «ሞገስ ማግኘት» ከሚለው ትይዩ ኢንግሬሺዬት የሚል ቃል አገኘሁ። ረዘም ያለ፣ ክብደት ያለው፣ የተማረ ሰው ቃል መሰለኝ። በታይፕ አስመትቼ አስገባሁ። ሰውየው ለቃለ መጠይቅ ሲጠራኝ ደብዳቤዬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ በእርሳስ ያሰመረበትን መስመር በጣቱ መታ መታ አደረገ። ያለኝ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ «ላሽቃብጥልህ እፈልጋለሁ ብሎ በጽሑፍ ያሳወቀኝ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ።» ጆሮዬ ጋለ። ሥራውን ሰጠኝ። «ለግልጽነትህ ነው የቀጠርኩህ» እያለ እስክንለያይ ሲቀልድብኝ ኖረ።

መዝገበ ቃላቱ ግን አልዋሸኝም ነበር። እንግሊዞች ይህን ቃል መጻፍ የጀመሩት በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1620ዎቹ ገደማ ነው። ከሥሩ ያለው «ኢን ግራቲያም» የሚል የላቲን ሐረግ ነው፤ ቃል በቃል «ወደ ሞገስ» ማለት ነው። ጣልያንኛም ከዚያው ያወጣው ወንድም ቃል አለው። «ግራቲያ» በላቲን ሰፊ ቤት ነው። ሞገስም ነው፣ ውለታም ነው፣ ምስጋናም ነው። ሰጪው የሚያሳየው ቸርነትና ተቀባዩ የሚመልሰው ምስጋና በአንድ ስም ይጠራሉ።

ልጆቹን ደግሞ በየቀኑ ታገኛቸዋለሽ። «ግሬስ» አንዷ ናት። አመስጋኝ የሚባለው «ግሬትፉል»፣ እንኳን ደስ አለህ የምንልበት «ኮንግራቹሌሽን»፣ ከምስጋና በቀር ዋጋ የማይጠየቅበት «ግራቲስ» የዚሁ ቤት ናቸው። መስማማት የሚባለው «አግሪ» ሳይቀር በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ የመጣ ዘመድ ነው። ሆቴላችሁ ምግብ ቤት ካለው ደረሰኙ ግርጌ ላይ «ግራቹዊቲ» የሚል መስመር አይተሻል፤ ጉርሻ ማለት ነው፣ እሱም ያው ነው። መንግሥታት አንድን ዲፕሎማት ከአገር ሲያስወጡ ዜናው «ፐርሶና ኖን ግራታ» ይለዋል፤ እ.ኤ.አ. የ1961 የቪየና ስምምነት አንቀጽ 9 ላይ የሰፈረ አነጋገር ነው። ሞገስ ያጣ ሰው እንደማለት ነው። እንግዲህ ሱፐርቫይዘርሽ በቁንጽል ብዕር የጣለችብሽ ቃል የእነዚህ ሁሉ እህት ናት፤ የተወለደችበት ቤት የሚያሳፍር አይደለም።

እኛም ብንሆን ቃሉን በሌላ ስም እናውቀዋለን። የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 መጨረሻ ላይ ጌታ በእግዚአብሔርና በሰው ፊት ያደገበት ነገር በአማርኛ «ሞገስ» ነው፤ በላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ «ግራቲያ» ነው። አስቴር በንጉሡ ፊት ያገኘችውም ሞገስ ነው። ከዚያ ከፍ ብለሽ ወደ ቤተ መንግሥት ከሄድሽ «ባለሟል» የሚባለውን ሰው ታገኚዋለሽ፤ ከንጉሡ ጆሮ የማይርቅ፣ ቃሉ የሚሰማለት፣ የማይከለከል። ባለሟል ለመሆን ደግሞ መንገዱ ይታወቃል። ደጅ መጥናት አለ፦ በጌታ በር ላይ ወር፣ አንዳንዴም ዓመት መክረም። እጅ መንሻ አለ፦ ባዶ እጅ አይቀረብማ፤ ማርም ይሁን ሙክት ይዞ መቅረብ። ይህ ሁሉ በአደባባይ የሚደረግ ነበር፣ የሚደበቅ ነገር አልነበረውም። ዛሬ «ደጅ ጥናት» የምንለው ለቀበሌና ለማዘጋጃ ቤት ምልልስ ነው፤ «እጅ መንሻ» ደግሞ ከጉቦ ጋር ጎረቤት ሆኗል። የእኛም ቃላት ልክ እንደ ኢንግሬሺዬት ቀስ በቀስ መረሩ።

ለምን መረረች ካልሽኝ፣ እኔ መልሱን የማገኘው ከሰዋስዋ ነው። ድሮ ሲጀመር አንዱ ሌላውን ሰው ወደ ሞገስ ማስገባት ይችል ነበር፣ እንደ አማላጅ ማለት ነው። ያ አጠቃቀም ሞተ። ዛሬ ቃሉ ግስ ሲሆን ሰው የሚያስገባው ራሱን ብቻ ነው፤ እንግሊዝኛው «ራስን ከእገሌ ጋር» ብሎ ካልጨረሰ አይቆምም። ሞገስ ግን የሚሰጥ ነገር ነው። አማርኛችን «ሞገስ አገኘ» ይላል፤ «ሞገስ ወሰደ» ብሎ አያውቅም። ሳይጠራ ገብቶ ራሱ ወንበር ስቦ የተቀመጠ እንግዳን አስቢ፤ ቃሉ ጆሮ ላይ የሚከብደው እንደዚያ ነው።

በነገራችን ላይ «ራስን ማስወደድ» ብለሽ እንዳትተረጉሚው አደራ። ሰውም ይወደዳል፣ ጤፍም ይወደዳል። «ራሷን ታስወድዳለች» ካልን ኩራተኛ፣ ተለምና የማትገኝ ማለታችን ነው። የተፈለገው ተቃራኒው!

እንግሊዞች ለዚህ ነገር አንድ ቃል አልበቃቸውም። እንደኛው «አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ» እነሱም ሽንገላን በቅቤ ይሉታል፤ ሰውን «ቅቤ ቀባው» ማለት ካበዛበት ሙገሳ ጀርባ የሆነ ነገር ይፈልጋል ማለት ነው። እኔን ግን ከሁሉም የሚያስደስተኝ «ከሪ ፌቨር» የሚሉት ነው። ብዙ ሰው ከሪ ሲሰማ የህንድ ወጥ ይመስለዋል። አይደለም። ይህኛው ከሪ ፈረስ በብሩሽ መፈተግና ማበጠር ነው።

ነገሩ ከፈረንሳይ ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1310 እና በ1314 አካባቢ፣ በፈረንሳይ ንጉሥ ጽሕፈት ቤት ይሠራ የነበረ አንድ ጸሐፊ እንደጻፈው የሚነገር ረጅም የሽሙጥ ግጥም አለ። ዋናው ባለታሪክ ፎቬል የሚባል፣ ቆዳው ወደ ዳማ የሚያደላ ፈረስ ነው። ይህ ፈረስ ከጋጣው ወጥቶ ቤተ መንግሥት ይገባል። ከዚያ የአገሩ ታላላቅ ሰዎች፣ ነገሥታቱም መሳፍንቱም ጳጳሳቱም፣ ብሩሽ ብሩሻቸውን ይዘው ይሰለፋሉ፤ ፈረሱን ያሻሉ፣ ያበጥራሉ፣ ጭቃውን ይጠርጋሉ። የፎቬል ስም ፊደላት እያንዳንዳቸው የአንድ ነውር መጀመሪያ ናቸው፦ ሽንገላ፣ ስስት፣ ብልግና፣ ወላዋይነት፣ ምቀኝነት፣ ቦቅቧቃነት። እንግሊዞች «ፌቬልን ማበጠር» ብለው ወሰዱት። ዘመን ሲያልፍ ፈረሱ ተረሳ፤ ፌቬል ማን እንደሆነ የማያውቅ ጆሮ ስሙን «ፌቨር» ብሎ ሰማው፣ ሞገስ ማለት ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ አባባሉ የዛሬ መልኩን ይዟል። እኛ አገር የፈረስ አለቃ «ባልደራስ» ተብሎ የሚከበር ሹም ነበር፤ እዚያ ግን ፈረስ ማበጠር የውርደት ምሳሌ ሆኖ ቀረ።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ ነገሩን በምርምር የያዘ ሰው አለ። ኤድዋርድ ጆንስ ይባላል፤ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ነው፣ ያኔ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ጥናቱ ሰው እንዴት ራሱን ወደ ሞገስ እንደሚያስገባ ዘዴዎቹን ለይቷል፦ ያኛውን ማሞካሸት፣ ባለው ሁሉ መስማማት፣ ራስን አሳምሮ ማቅረብ፣ ውለታ መዋል። እኔን የመሰጠኝ ግን ያገኘው እንቆቅልሽ ነው። የሌላውን ሞገስ አጥብቆ የሚፈልገው ከታች ያለው ሰው ነው፤ ይሁንና ከታች ስለሆነ ብቻ መልካም ሥራው ይጠረጠራል። ለእኩያሽ ዳቦ ብትሰጪ ደግ ትባያለሽ። ያንኑ ዳቦ ደመወዝሽንና ሺፍትሽን ለምትወስን ሰው ስትሰጪ፣ አጠገብ የቆመው ሰው ዓይኑን ጠበብ ያደርጋል። ዳቦው ግን ያው ዳቦ ነው።

አሁን ወደ ወረቀትሽ። ሦስቱን ቃላት አንድ ላይ አንብቢያቸው። ጎረቤቶቹ ታታሪና ትሑት ናቸው። ነጥብሽ አራት ነው። ሰው ስድብ ሊጽፍ ፈልጎ ከሁለት ምስጋና ኋላ አያሰልፈውም፤ ያውም ፊርማውን በሚያኖርበት ወረቀት ላይ። ቃሉ በበጎ ሲውል ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ከፈገግታና ከአቀባበል ጋር ነው፤ ያንቺ ሥራ እሱ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ በረራው ተሰርዞበት ሻንጣ እየጎተተ የመጣ ሰው አንቺን አይቶ ቁጣው ከበረደለት፣ ያ ኢንግሬሺዬቲንግ ነው፣ በአንደኛው ትርጉም። የኔ ግምት ሴትየዋ ይህንን ነው ማለቷ። ሆኖም የዛሬው የአሜሪካ ጆሮ ወደ ሁለተኛው ትርጉም ያዘነብላል። እኔ ብሆን ሠራተኛ ፋይል ውስጥ አልጽፈውም ነበር።

አንቺ ግን እኔን የጠየቅሽኝ ስለሷ ሐሳብ ብቻ አይደለም። «ይህ ማሽቃበጥ ነው?» ብለሻል። ስለዚህ የዘረዘርሻቸውን አንድ በአንድ ልያቸው።

ድፎው አይደለም። ብድግ ማለትሽም አይደለም። ታላቅ ሲገባ መነሳት፣ በሁለት እጅ መቀበል፣ ዓይን ዝቅ ማድረግ እናትሽ ያስጨበጠችሽ ደንብ ነው፤ ቨርጂኒያ ስለገባሽ ጉልበትሽ እንዲረሳው አልጠይቅሽም። ቢበዛ ሴትየዋ ግራ ይገባታል፤ አንድ ቀን እየሳቅሽ «እኛ አገር እንዲህ ነው» ብትያት ይበቃል።

የማልወደው ያንን ሺፍት ነው። ከምሽቱ አምስት ወጥተሽ ጠዋት አንድ ሰዓት ገባሽ። መንገዱንና መታጠቡን ስትቀንሺ ምን ያህል ተኛሽ? ሴትየዋ መሳሳቷን እስከዛሬ አታውቅም። በሚቀጥለው ወር ትደግመዋለች፤ ምናልባት የሚያጠባ ልጅ ያላት ሌላ ሠራተኛ ላይ ይወድቃል። አንቺ ደግሞ ዝም ያልሽው ስላከበርሻት አይመስለኝም። ፊቷ እንዳይለወጥብሽ ነው። ፎቬልን ያበጠሩት ሰዎች ፈረሱን ወደውት አልነበረም። መጎንበስ ማጎብደድ አይደለም፤ መነገር ያለበትን ሞገስሽን ላለማጣት ስትውጪው ግን ቃሉ ወደ ሁለተኛው ትርጉም ይንሸራተታል። ይህን የምልሽ እኔም ብዙ ዓመት ስውጥ ስለኖርኩ ነው። ያ በደብዳቤዬ የቀለደብኝ ሰውዬ በየስብሰባው የአንድ ወረዳ ስም አበላሽቶ ሲጠራ አንድም ቀን አላረምኩትም። በመጨረሻ ያረመው ሾፌሩ ነው፤ ያውም መኪና ውስጥ፣ እየሳቀ። ሰውየው አመሰገነውና ወደኔ ዞሮ «አንተ ታውቅ ነበር?» አለኝ።

እናትሽ ያስተማረችሽ ደንብ እኮ መሣሪያም አስታጥቆሻል። እኛ ሰው የምናርምበት ቋንቋ ሞልቶናል፦ «እንደው ተሳስቼ እንደሆነ»፣ «ቢፈቅዱልኝ»፣ «አይቆጡኝና»። ትሕትናው እርማቱን ተሸክሞ እንዲገባ ነው የተሠሩት። በእንግሊዝኛም አይጠፉም። ፕሮግራሙን ይዘሽ ሂጂና «ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል፣ ይህን አብረን እንየው» በያት። የማታውና የጠዋቱ ሺፍት ጎን ለጎን የተጻፉበትን መስመር በጣትሽ አሳያት፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግሽም።

ስለ ቃሉም መጠየቅ ትችያለሽ፣ መጠየቅም አለብሽ። አጠያየቁ ግን ለውጥ ያመጣል። «ዋት ዲድ ዩ ሚን ባይ ዚስ?» ካልሻት፣ ድምፅሽ ምንም ቢለሰልስ፣ ልትከራከሪ የመጣሽ ይመስላታል። ምሳሌ ጠይቂያት። «ካን ዩ ጊቭ ሚ አን ኤግዛምፕል?» በይና ዝም በይ። እንግዶችን ስትቀበዪ ያየችውን ከነገረችሽ የመጀመሪያዋ ነሽ፤ አመስግነሽ ውጪ። «ሁልጊዜ እሺ ትያለሽ» ካለችሽ ደግሞ ያ ስድብ አይደለም፣ በር ነው፤ የሺፍቱን ወረቀት ያኔ አውጪው።

ቀኑንም ምረጪ። አርብ አይሁን፤ ድፎ በእጅሽ ይዘሽ ስለዚህ ቃል መጠየቅ ራሱ ሴትየዋን ያስቃታል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይሻላል።

ድፎውን ደግሞ አታቋርጪ። ብቻ ከቢሮዋ በፊት የሠራተኞች ማረፊያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪና እዚያው ቁረሺው። ማታ በር ላይ ለሚቆመው ጥበቃም አንድ ቁራሽ በናፕኪን ጠቅልለሽ አስቀሪለት።